ዩኒቨርሲቲው ቡድናችሁን ላፍርስ ሲል ምን ታደርጋላችሁ? ደረጃ በደረጃ

«ልጄ የምትሮጥበት ቡድን ዓመቱ ሲያልቅ ይፈርሳል ተባለ። አምና ሻምፒዮን ነበሩ እኮ! ምን እናድርግ?»

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዳንዴ የምትደውለው የዋናተኛ እናት ናት። አንዳንዴ አትሌቱ ራሱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከ20 ዓመት በፊት ለዚያ ቡድን የተጫወተ ሰው ነው። በስልክ ሳስረዳ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይረሳኛል። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ አሰፈርኩት።

መመሪያው አሜሪካ ውስጥ ላሉ፣ በኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር) ሥር ለሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። «ቡድናችን ያሸንፋል» የሚለው ብቻውን አያድናችሁም። ስታንፎርድ በጁላይ 2020 ከ240 በላይ አትሌቶች ያሏቸውን 11 ስፖርቶች እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ከመካከላቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጡ ነበሩ። አስተዳደሩ ዋንጫችሁን ያውቃል። አውቆም ነው የወሰነው። እናንተ የምትሠሩት ውሳኔው የቆመበትን ምክንያት አንድ በአንድ መፈተሽና፣ ወሳኞቹ ሳይዋረዱ የሚመለሱበትን በር መክፈት ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህ ናቸው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዩኒቨርሲቲው ያወጣው ማስታወቂያ፣ በፒዲኤፍ የተቀመጠ
- ቢያንስ የ5 ዓመት የቡድኑ አባላት ዝርዝርና ውጤት
- የቀድሞ አትሌቶች ስም፣ ኢሜይልና ስልክ በአንድ የጋራ ሰንጠረዥ (ጉግል ሺት ይበቃል)
- ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ለፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር የሚያቀርበው የስፖርት እኩልነት ሪፖርት። «ኢኤዲኤ» ይባላል፤ በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ማንም በነፃ ያገኘዋል
- የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ለኤንሲኤኤ የሚልከው የገንዘብ ሪፖርት፤ የግል ከሆነ ፎርም 990 የተባለው የግብር ሰነድ
- የባለአደራ ቦርዱ (የዩኒቨርሲቲው የበላይ ወሳኝ አካል) የስብሰባ ቀናት
- ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የተከፈተ የኢሜይል አድራሻ
- ከ5 እስከ 7 የሚሆኑ፣ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች

ስለ ኢሜይሉ አደራ። በዩኒቨርሲቲው አድራሻ የሚጻፍ ነገር የዩኒቨርሲቲው ሲስተም ላይ ነው የሚቀመጠው። ስልታችሁን እዚያ አትጻፉ።

ደረጃ 1፦ ማስታወቂያውን በዚያው ቀን አስቀምጡ፣ ከዚያ ተንትኑት

ድረ ገጽ ይቀየራል። ዛሬ «በጀት» ያለ ገጽ በሳምንቱ «ስትራቴጂ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤውን፣ የጥያቄና መልስ ገጹን፣ ለአትሌቶቹ የተላከውን ኢሜይል ሁሉ ከነቀኑ አስቀምጡ። ስብሰባ ከነበረም፣ ምን እንደተባለ የሰሙት ሰዎች በዚያው ምሽት ይጻፉት።

ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በሴፕቴምበር 2020 ዊሊያም ኤንድ ሜሪ የተባለው ዩኒቨርሲቲ 7 ስፖርቶችን ሲዘጋ፣ ሰዎች ማስታወቂያውን ከስታንፎርዱ ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። ዓረፍተ ነገሮቹ ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ። የአትሌቲክስ ዳይሬክተሯ በሚቀጥለው ወር ሥራቸውን ለቀቁ።

ከዚያ ማስታወቂያውን በአራት ጥያቄ ተንትኑት፦

- ማን ወሰነ? ፕሬዚዳንቱ ነው ወይስ ቦርዱ ድምፅ ሰጥቶበታል?
- ከመቼ ጀምሮ ነው የሚፈርሰው?
- የተሰጡት ምክንያቶች ስንት ናቸው? ለየብቻ ቁጠሯቸው።
- ከመዝጋቱ ምን ያህል ገንዘብ ይተርፋል ተባለ?

ከዚህ በኋላ የምትሰበስቡት ማስረጃ ሁሉ ከነዚህ ምክንያቶች በአንዱ ሥር መግባት አለበት። የማይገባ ከሆነ ጊዜ ይበላል እንጂ አይረዳም።

አንድ ፈጣን ነገር እዚሁ አጣሩ። በዲቪዚዮን 1 (በኤንሲኤኤ ከፍተኛው ምድብ)፣ ትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል እርከን ላይ ያለ ትምህርት ቤት ቢያንስ 16 ስፖርቶች ሊኖሩት ይገባል። ሌሎቹ የዲቪዚዮን 1 ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቢያንስ 14። የእናንተ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ከሆነ፣ እናንተን አፍርሶ ሌላ ቡድን ማቋቋም ሊኖርበት ነው። ይህን በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ከሁሉ በፊት ልጆቹን አስጠብቁ

ዘመቻ ወራት ይወስዳል። የ19 ዓመት ልጅ ግን የኮሌጅ ስፖርት ዕድሜዋ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። «አትሂዱ፣ ሁላችንም አብረን እንቁም» ብላችሁ ልጆችን አታስጨንቁ። ዝውውር የሚፈልግ ይዛወር። የሚሄደውን እንደ ከዳተኛ የሚያይ ቡድን ከውስጥ ይፈርሳል። ያኔ አስተዳደሩ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም።

እያንዳንዱ አትሌት ለኮምፕላያንስ ቢሮው (የስፖርት ደንቦች መከበራቸውን ለሚከታተለው ክፍል) እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ይላክ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል፦

- ስኮላርሺፔ እስክመረቅ ይቀጥላል?
- የትራንስፈር ፖርታል (መዛወር የሚፈልጉ አትሌቶች የሚመዘገቡበት የኤንሲኤኤ መዝገብ) ውስጥ ስሜን ባስገባና መጨረሻ ላይ ልቆይ ብወስን፣ ስኮላርሺፔ ምን ይሆናል?
- ልምምድ፣ ሕክምና፣ የትምህርት ድጋፍ እስከ መቼ አገኛለሁ?

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ የፖርታሉን ጥያቄ ሳትጠይቁ ፖርታል ውስጥ አትግቡ። ስም ከገባ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በቀጣዩ ተርም ድጋፉን ሊያቋርጥ የሚችልባቸው ሁኔታዎች አሉ።

⚠ በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ ላሉ ልጆች፦ ከአገር ቤት ለሩጫ የመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ ይህን ዘግይተው ነው የሚሰሙት። ኮርስ ከመጣልም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ከመቀየር በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሂዱ። የኢሚግሬሽን መዝገባችሁ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው በሥርዓት መዛወር አለበት። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆናችሁ መቆየትም ግዴታ ነው። አሠልጣኝ ይህን አያውቅም። ጓደኛም አያውቅም። ቢሮው ነው የሚያውቀው።

ደረጃ 3፦ ትንሽ ኮሚቴ፣ አንድ አፍ

ኃላፊነት ክፈሉ። አንድ ሰው ቁጥር ይሥራ። አንዱ የቀድሞ አትሌቶችን ያስተባብር። አንዱ ገንዘቡን ይያዝ። አንዱ ለሚዲያ ይናገር። አንዷ ከወላጆች ጋር ትገናኝ። ጠበቃ የሆነ የቀድሞ ተጫዋች ካለ ገና ዛሬ ደውሉለት።

አንድ ሰው ብቻ ለውጭ የሚናገረው ለምንድነው? አስተዳደሩ ከሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ጥያቄ ከሰማ፣ ለቀላሉ መልስ ሰጥቶ «ተነጋግረናል» ይላል። በዚያው ያልቃል።

አሠልጣኙን መሪ አታድርጉት። እንደምትወዱት አውቃለሁ። እሱ ግን የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነው፤ ተቃውሞውን ሲመራ ከታየ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ቡድኑ ሲመለስ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን ራሳችሁ ሥሩት

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘላል። እኔ ግን አንድ ቀን ብቻ ቢኖራችሁ እዚህ ላይ አጥፉት እላለሁ።

ዩኒቨርሲቲው «ቡድኑ በዓመት ይህን ያህል ያከስራል» ሲል ብዙ ጊዜ ስኮላርሺፕን እንደ ወጪ ቆጥሮ ነው። ስኮላርሺፕ ግን በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲው አንድ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ኪሱ የሚገባ ገንዘብ ነው። የአትሌቲክስ ክፍሉ ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያ «ይከፍላል»። ቼኩ ከግቢ አይወጣም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። በዋና፣ በትግል፣ በሩጫ፣ በቀዘፋ ቡድኖች ውስጥ ያለው አትሌት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ስኮላርሺፕ የለውም። ከፊሉን ወይም ሙሉውን ራሱ እየከፈለ ነው የሚማረው። የመጣው ደግሞ ለቡድኑ ብሎ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማሳያ ናቸው።

- ቡድኑ 30 አትሌት አለው። የትምህርት ክፍያ በዓመት 40,000 ዶላር ነው።
- ስኮላርሺፑ ተደምሮ የ8 ሰው ሙሉ ክፍያ ያህል ነው፦ 320,000 ዶላር።
- ለአሠልጣኝ፣ ለጉዞና ለዕቃ የሚወጣው 600,000 ዶላር ነው።

ዩኒቨርሲቲው «ቡድኑ 920,000 ዶላር ያስወጣል» ይላል። እናንተ ግን እንዲህ አስሉ። የ22 ሰው ክፍያ ይገባል፦ 880,000 ዶላር። ከዚህ ላይ አትሌቶቹ ከስፖርት ውጭ የሚያገኙትን ሌላ ድጎማ ቀንሱ። በነፍስ ወከፍ 15,000 ዶላር ቢሆን 330,000 ይሆናል። የቀረው 550,000 ነው። ከ600,000 ላይ ሲቀነስ ትክክለኛው ጉድለት 50,000 ዶላር ነው።

920,000 እና 50,000። ስብሰባ ላይ የሰውን ጆሮ የሚያቆመው ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ታማኝ ሁኑ። ይህ ስሌት የሚሠራው ዩኒቨርሲቲው ባዶ ወንበር ካለው ነው። አመልካች ተሰልፎ የሚጠብቅበት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ የእናንተን 30 ወንበር ሌላ ከፋይ ተማሪ ይይዘዋል። እንደዚያ ከሆነ ይህን ክርክር አታንሱ። የፋይናንስ ኃላፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚሰማው። በዚህ ፈንታ ደረጃ 5 እና 6 ላይ አተኩሩ።

ሁለተኛው ስሌት የመጀመሪያው ዓመት ቁጠባ ነው። ዩኒቨርሲቲው የነባር አትሌቶችን ስኮላርሺፕ አከብራለሁ ካለ፣ የአሠልጣኞችንም ውል ከከፈለ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚተርፈው ከተባለው በጣም ያነሰ ነው። ዓመት በዓመት ዘርዝራችሁ አሳዩ።

ቁጥሩን ከየት ታገኛላችሁ? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በግዛቱ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት ጥያቄ አስገቡ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ስለ ቡድኑ ያለውን ሰነድ ሁሉ» ካላችሁ ወራት ይፈጃል፤ የኮፒና የፍለጋ ክፍያም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። «ያለፉት 3 ዓመታት ለኤንሲኤኤ የተላከ የገንዘብ ሪፖርት» ካላችሁ ግን ያለቀለት ሰነድ ነው፤ መስጠት ብቻ ነው። አንዳንድ ግዛቶች ለነዋሪያቸው ብቻ ስለሚሰጡ ጠያቂው የግዛቱ ነዋሪ ቢሆን ይመረጣል። የግል ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሕግ አይገደድም። እዚያ ፎርም 990 እና ኢኤዲኤን ተጠቀሙ።

የገለልተኛ ባለሙያ ስም ቁጥራችሁ ላይ ቢኖር ክብደቱ ይጨምራል። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በበርሚንግሃም የፉትቦል ቡድኑን በዲሴምበር 2014 ሲዘጋ የአማካሪ ድርጅት ሪፖርት ይዞ ነበር። ሌሎች የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ያንኑ ጉዳይ እንደገና መርምረው የተለየ መደምደሚያ ላይ ደረሱ፤ ደጋፊዎችም ገንዘብ አዋጡ። በጁን 2015 ቡድኑ እንደሚመለስ ተነገረ። በ2017 ሜዳ ገባ።

ደረጃ 5፦ የታይትል ናይንን ጥያቄ አጣሩ

ታይትል ናይን በ1972 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በፆታ እንዳያዳላ ይከለክላል። በስፖርት ላይ ዩኒቨርሲቲው ከሦስቱ አንዱን ማሟላት አለበት፦

- የሴት አትሌቶች ድርሻ ከሴት ተማሪዎች ድርሻ ጋር የተቀራረበ መሆን፤
- ለሴቶች የስፖርት ዕድል ሲያሰፋ የቆየና አሁንም የሚያሰፋ መሆን፤
- የሴቶቹን ፍላጎትና ችሎታ ሙሉ በሙሉ ማስተናገድ።

የሴቶች ቡድን እየዘጋ ያለ ትምህርት ቤት ሁለተኛውን ማለት ይከብደዋል። ሦስተኛውንም እንዲሁ፤ ፍላጎትና ችሎታ መኖሩን የሚያሸንፈው ቡድን ራሱ እየመሰከረ ነው። ውጤታችሁ ከባድ የሕግ ክብደት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። የሚቀረው የመጀመሪያው ነው። እሱ ደግሞ ሒሳብ ነው።

ለምሳሌ ሴቶች ከተማሪው 55 በመቶ ናቸው እንበል። አትሌቶች 500 ናቸው፤ ከነሱ ሴቶቹ 240፣ ወንዶቹ 260። የሴት አትሌቶች ድርሻ 48 በመቶ ነው። ወንዶቹ 260 እንደሆኑ ቢቀጥሉና ድርሻው 55 በመቶ እንዲሆን ቢፈለግ ሴቶቹ 318 መሆን አለባቸው። ጉድለቱ 78 ነው። አሁን 25 ሴቶች ያሉበትን ቡድን ሲዘጉ ጉድለቱ 103 ይሆናል። ጉድለቱ አንድ ሙሉ ቡድን ለማቆም የሚበቃ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ችግር ላይ ነው።

ስትቆጥሩ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዲት ሯጭ አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥና የውጭ ትራክ ብትወዳደር ሦስት ጊዜ ልትቆጠር ትችላለች። ከሴቶች ቡድን ጋር የሚለማመዱ ወንዶችም በኢኤዲኤ ላይ በሴቶቹ ቁጥር ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ሪፖርቱን ከቡድኖቹ የስም ዝርዝር ጋር ራሳችሁ አመሳክሩ።

ቁጥሩ ከጎናችሁ ከሆነ በታይትል ናይን ልምድ ያለው ጠበቃ ፈልጉ። ዳርትማውዝ ኮሌጅ በ2020 የዘጋቸውን 5 ስፖርቶች በጃንዋሪ 2021 የመለሰው የታይትል ናይን ክስ እንደሚመጣበት ከተነገረው በኋላ ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲም የሴቶች ዋና ቡድኑን በፌብሩዋሪ 2021 የመለሰው ሴት ዋናተኞች ፍርድ ቤት ከሄዱ በኋላ ነው። ፍርድ ቤት ክሱ እስኪያልቅ ቡድኑ ባለበት እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል። ይህ ጊዜ ይገዛል። ጊዜ ደግሞ ለእናንተ ከገንዘብ አያንስም።

⚠ ለፌዴራል የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤቱታ የምታስገቡ ከሆነ ቀነ ገደቡ ድርጊቱ ከተፈጸመ 180 ቀን ነው። ካላንደር ላይ ጻፉት።

የወንዶች ቡድን ከሆናችሁ እውነቱን ልንገራችሁ። ታይትል ናይን በቀጥታ አያድናችሁም። ዩኒቨርሲቲ የወንዶችን ቁጥር ቀንሶ ሚዛኑን ማስተካከልን ፍርድ ቤቶች ፈቅደዋል። ግን አብሯችሁ የተዘጋ የሴቶች ቡድን ካለ ተባበሩ። ዊሊያም ኤንድ ሜሪ በኦክቶበር 2020 በቅድሚያ የሴቶቹን መለሰ። በኖቬምበር የወንዶቹን አስከተለ። አንዱ በር ሲከፈት ሌላውን ዘግቶ መያዝ ይከብዳል።

ደረጃ 6፦ ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት የገንዘቡን መጠን አስወስኑ

የመጀመሪያው ስሜት «ገንዘብ እናዋጣ» ነው። ቆዩ። መጀመሪያ ለፕሬዚዳንቱ በጽሑፍ አንድ ጥያቄ ላኩ። «ቡድኑ እንዲቀጥል ምን ያህል ገንዘብ፣ እስከ መቼ፣ ለስንት ዓመት ያስፈልጋል? የሚገባውስ በየትኛው ፈንድ ነው?»

መልስ ካላገኛችሁ ያ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱ ገንዘብ እንዳልሆነ ያሳያል። መልስ ካገኛችሁ ደግሞ ግቡ ተተክሏል። ሳትጠይቁ ከሰበሰባችሁ ግን በደረሳችሁ ቁጥር ግቡ ወደፊት ይሄዳል።

ከዚያ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የተፈረመ ቃል ኪዳን ሰብስቡ። «ቡድኑ ከተመለሰ በዓመት ይህን ያህል፣ ለ5 ዓመት እሰጣለሁ» የሚል። ሁለት ጥቅም አለው። ካልተመለሰ ለማንም ገንዘብ የመመለስ ጣጣ የለባችሁም። ለዩኒቨርሲቲው ደግሞ የአንድ ጊዜ ስሜት ሳይሆን የዓመታት ድጋፍ እንደሆነ ያሳያል። ቦውሊንግ ግሪን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድኑን በሜይ 2020 ዘግቶ በጁን መጀመሪያ ሲመልሰው፣ የቀድሞ ተጫዋቾችና ለጋሾች በ3 ዓመት ውስጥ የሚከፈል 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብተው ነበር። የካሊፎርኒያው በርክሊ ዩኒቨርሲቲም በ2010 የዘጋውን ቤዝቦል ደጋፊዎች ሚሊዮኖች ካሰባሰቡ በኋላ በኤፕሪል 2011 መለሰ። ያው ቡድን በዚያው ዓመት ጁን የኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ (የኮሌጅ ቤዝቦል ብሔራዊ ሻምፒዮና የመጨረሻ ዙር) ገባ።

⚠ ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ገጽ) በአንድ ሰው ስም ከፍታችሁ ትልቅ ገንዘብ አታስገቡ። ሰጪው የግብር ቅናሽ አያገኝም። የመተማመን ጣጣም ያመጣል። ለጠበቃና ለማስታወቂያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ብቻ በግልጽ ሰብስቡ፤ ወጪውንም በየሳምንቱ ለሁሉም አሳውቁ።

⚠ ለዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ ፈንድ «ለቡድኑ ይሆናል» ብላችሁ አትስጡ። ለቡድኑ ብቻ እንዲውል በጽሑፍ ካልታሰረ ለሌላ ነገር ሊውል ይችላል።

ደረጃ 7፦ ድምፅ ላላቸው ሰዎች ጻፉ

እኛ የራሳችንን ቡድን ለማዳን ስንታገል ሁለት ሳምንት ሙሉ በፔቲሽን ላይ አጠፋን። ፊርማው በሺዎች ሲጨምር ደስ ይለን ነበር። የቦርዱ ስብሰባ በዚያው መሐል አለፈ። ማንም ቀኑን አላየም ነበር። ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ ነበር። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፔቲሽን ክፈቱ፤ ጥቅሙ ግን የሰው ኢሜይል ማግኘቱ ነው። ዋናው ሥራ የቦርድ አባላቱን አንድ በአንድ ማግኘት ነው። ስማቸው በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ አለ። ከቀድሞ አትሌቶቻችሁ መሐል ማን ማንን እንደሚያውቅ ጠይቁ። ከአንድ ሺህ ተመሳሳይ ኢሜይል አንድ የትውውቅ ስልክ ይበልጣል።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው የሚላከው። ይዘቱ ግን ይህን ያህል አጭር ይሁን፦

«ለተከበሩ የቦርድ አባል፣ ከ2004 እስከ 2008 ለቡድኑ ሮጫለሁ፤ ዛሬ ሐኪም ነኝ። ይዘጋል ለተባለው ቡድን የቀረበው የወጪ ስሌት አትሌቶቹ የሚከፍሉትን የትምህርት ክፍያ አላካተተም። አንድ ገጽ ስሌት አያይዣለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ውሳኔው ለአንድ ዓመት እንዲዘገይና ቁጥሩ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረመር። ለ15 ደቂቃ በስልክ ቢያነጋግሩኝ አመሰግናለሁ።»

ልብ በሉ፤ ደብዳቤው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ማስፈራሪያ የለውም። «ከእንግዲህ ሳንቲም አልሰጥም» የሚለውን ለመጀመሪያው ደብዳቤ አትጠቀሙበት። በሩን የሚዘጋው እሱ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ስብሰባ በግዛቱ ሕግ መሠረት ለሕዝብ ክፍት ነው። ብዙዎቹም የአስተያየት ሰዓት አላቸው። አስቀድሞ መመዝገብ ሊያስፈልግ ይችላል። የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ አትሌት፣ አንድ የቀድሞ ተጫዋች፣ አንድ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ይናገሩ። ሁሉም የተለየ ነገር ይበሉ።

ደረጃ 8፦ ሚዲያ

ከተማሪዎች ጋዜጣ ጀምሩ። ግቢውን ያውቃሉ፣ ጊዜ አላቸው፣ ትልልቆቹ ጋዜጠኞችም እነሱን ያነባሉ። አንድ ገጽ መረጃና የሚናገር አትሌት ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ጠንካራ ምስል ከብዙ መግለጫ ይበልጣል። በማርች 2021 የስታንፎርዱ ታጋይ ሼን ግሪፊዝ የትምህርት ቤቱ ስም የሌለበት ጥቁር የትግል ልብስ ለብሶ የኤንሲኤኤ ሻምፒዮን ሆነ። ማንም ሊያብራራው አላስፈለገም። በሜይ ስታንፎርድ 11ዱንም ስፖርቶች መለሰ።

ልጆች ካሜራ ፊት እንዲቆሙ አታስገድዱ። ሌላ ስፖርትንም አትውቀሱ። «ፉትቦሉ ነው ገንዘቡን የሚበላው» ማለት ይቀናል፤ በተለይ በጁን 2025 ከጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶች በዓመት ሚሊዮኖች ዶላር (በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2025-26፣ እስከ 20.5 ሚሊዮን) ማካፈል በመቻላቸው ብዙ ሰው ይህን ይላል። ነገር ግን ከቦርዱ አባላት ግማሹ የፉትቦል ደጋፊ ነው ብላችሁ አስቡ። ለምን ጠላት ታበዛላችሁ?

ደረጃ 9፦ ስብሰባው

ከፕሬዚዳንቱ ጋር 30 ደቂቃ ካገኛችሁ ከሦስት ሰው በላይ አትግቡ። አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ። ቁጣችሁን በር ላይ ተዉት። መቆጣታችሁ ልክ ነው፤ ግን 30 ደቂቃዋ ለዚያ አትበቃም።

ፕሬዚዳንት «ተሳስቻለሁ» አይልም። «አዲስ መረጃ ቀርቦልናል» ግን ሊል ይችላል። ስታንፎርድም ሲመልስ የጠቀሰው የገንዘብ ሁኔታው መሻሻሉንና የለጋሾችን ድጋፍ ነበር። ስለዚህ አዲሱን መረጃ እናንተ አቅርቡለት። አማራጮችንም ደርድሩ፦ ለአንድ ዓመት ማዘግየት፣ በደጋፊ ገንዘብ መቀጠል፣ ጉዞና ወጪ መቀነስ፣ ገለልተኛ ምርመራ። ከነዚህ አንዱን መርጦ ሲወጣ አሸንፋችኋል።

በዚያው ቀን የተባለውን ጠቅሳችሁ የምስጋና ኢሜይል ላኩ። የቃል ንግግር በጽሑፍ የሚገባው በዚህ ነው።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- እስከ መስከረም መጠበቅ። ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ተማሪው ሲበተን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁሉ ይበልጣሉ።
- ያልተረጋገጠ ቁጥር መለጠፍ። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ዘጠኙን ትክክለኛ ያስጥላል።
- የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩን ቤተሰብ ወይም ግል ሕይወት መንካት። የእናንተ ሰው ይህን ካደረገ በዚያው ቀን በይፋ ተቃወሙት።
- ከብዙ ቡድኖች አንዱ ሆናችሁ ለብቻችሁ መደራደር። አስተዳደሩ አንዱን መልሶ ሌሎቹን ዝም ሊያሰኝ ይችላል።
- የልጆችን ውጤትና ሕክምና መረጃ ያለፈቃዳቸው ማውጣት።

ደረጃ 10፦ ቡድኑ ሲመለስ

ዜናው ሲሰማ ሰው ይበተናል። እናንተ አትበተኑ። በጽሑፍ የሚከተሉትን ያዙ፦ ቡድኑ ቢያንስ ለስንት ዓመት ዋስትና አለው? የአሠልጣኝ ውል ስንት ዓመት ነው? የስኮላርሺፕ መጠኑ ተቀንሷል? ቃል የተገባው ገንዘብ የሚገባበት ፈንድ ስሙ ማን ነው?

ካልተመለሰ ደግሞ የክለብ ደረጃን (ተማሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ቡድን ሆኖ መቀጠልን) ጠይቁ። ሜዳውን፣ ዕቃውንና ስሙን እንዲለቁላችሁ ተደራደሩ። ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ለመመለስ ያለው ወጪ እጥፍ ይሆናል።

ከተመለሰ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አንድ ነው። አዳዲስ አትሌቶችን የመመልመል ፈቃድ ዛሬውኑ መከፈቱን፣ የቡድኑ ገጽም ድረ ገጹ ላይ መመለሱን አረጋግጡ። አንድ ዓመት ያልመለመለ ቡድን በሁለተኛው ዓመት የሚያሰልፈው ሰው ያጣል፤ ያኔ ደግሞ የሚዘጋው ሌላ ማስታወቂያ ሳያስፈልግ ነው።